ኦቲዝም ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመን፤ የትምህርትና የማኅበራዊ ኑሮ ገጠመኛቸው ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 የዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ደረጃ ላይ መድረሱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ሳምንታት በአብዛኛው የዓለም ክፍል ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እንዳመለከተው መዘጋቱ እጅግ በተስፋፋበት ወቅት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍላቸው ርቀው ነበር። ከነዚህ መካከል በቁጥር አነስተኛ የሆኑ፣ ነገር ግን ለጤና ባለሙያው ብዙ የሚያስተምር ገጠመኝ ያላቸው ኦቲዝም ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

በወቅቱ ሁለት ተቃራኒ ግምቶች ተሰንዝረዋል። አንደኛው፣ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ብቸኝነትን ስለሚመርጡ ቤት ውስጥ መቀመጡ አይከብዳቸውም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለውጥን ስለማይችሉ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት እነሱ ናቸው የሚል ነው። የታየው እውነታ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። አንድ ተማሪ በአንድ በኩል እፎይታ፣ በሌላ በኩል ጉዳት በአንድነት ሲደርስበት ታይቷል፤ የሁለቱ ምንጭም በአብዛኛው ተማሪው የሚኖርበትና የሚማርበት አካባቢ ሁኔታ ነበር። ጉዳቱ ሳይታወቅ የቀረውም ተማሪው ዝም በማለቱና ዝምታው እንደ ደህንነት በመቆጠሩ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የብሪታንያን ሁኔታ ይመለከታል። ምክንያቱም በዚያች አገር ኦቲዝም በአዋቂነት ዕድሜ ጭምር የሚመረመር ከመሆኑም በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ እንዲሰጡ በሕግ ስለሚገደዱ፣ የተገኘውና የታጣው ነገር ጎልቶ ይታያል። በመጨረሻም ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ያለው ትርጉም ይቀርባል።

ኦቲዝም በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ

ኦቲዝም በዘመናዊ ሕክምና የተገለጸው በሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 እና በሃንስ አስፐርገር በ1944 ነው። ሁለቱም ያጠኑት ሕፃናትን በመሆኑ ኦቲዝም የሕፃናት ችግር ብቻ ነው የሚለው አመለካከት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ኦቲዝም ከዕድሜ ጋር የሚጠፋ ሳይሆን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም፣ ቀደም ሲል አስፐርገር ሲንድሮም ይባል የነበረውን ጨምሮ ልዩ ልዩ መጠሪያዎችን በአንድ ስያሜ አጠቃሏል። በዚሁ መመሪያ መሠረት ሁለት ዋና ዋና መለያዎች አሉ። የመጀመሪያው በማኅበራዊ ግንኙነትና መግባባት ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። ሁለተኛው የተደጋገመ ባሕርይ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ብርቱ ፍላጎት፣ ለተለመደ ሥርዓት ያለ ጥብቅ ዝንባሌ፣ እንዲሁም ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለንክኪ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ምላሽ መስጠትን ያካትታል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ያደረገው የ2022 መረጃ በክትትሉ ውስጥ ከተካተቱ የስምንት ዓመት ሕፃናት ከ31 አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ያሳያል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሌላቸው በመሆናቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ መድረሳቸው የሚያስደንቅ አይደለም። አንዳንዶቹ፣ በተለይም ሴቶች፣ የምርመራ ውጤታቸውን የሚያገኙት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት በጥናት ራስን መሸፈን የሚባለው ልማድ ነው። ይኸውም ተማሪው የሌሎችን አነጋገር፣ ፈገግታና እንቅስቃሴ አጥንቶ በመቅዳት፣ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ራሱን በማስገደድና የማይመቸውን ነገር በመደበቅ እንደ ማንኛውም ሰው መስሎ የሚታይበት ጥረት ነው። ጥረቱ ቢሳካም ዋጋ ያስከፍላል፤ በቀኑ መጨረሻ የሚከተለው ድካም ከባድ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል ከጭንቀትና ከድባቴ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አመልክተዋል።

ከወረርሽኙ በፊት የነበረው ሁኔታ

ዩኒቨርሲቲ ለኦቲዝም የሚመችም የማይመችም ቦታ ነው። በአንድ በኩል ተማሪው የሚወደውን የትምህርት ዘርፍ በጥልቀት እንዲያጠና ዕድል ይሰጠዋል። በሌላ በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ጫጫታ፣ የምግብ አዳራሹ ሽታና ግፊያ፣ ማንም ያልጻፋቸው የጓደኝነት ደንቦች፣ የቡድን ሥራዎች፣ እንዲሁም ከወላጅ ተለይቶ ምግብን፣ ገንዘብን፣ እንቅልፍንና ልብስን ራስ ማስተዳደር በአንድ ጊዜ ይወድቁበታል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በዚህ መሠረት ኦቲዝም ያለው ተማሪ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ጸጥ ያለ የፈተና ክፍል፣ በየሳምንቱ የሚያገኘው የድጋፍ አማካሪ ሊመደብለት ይችላል። ሆኖም ትምህርቱ ተቀርጾ እንዲሰጠው ወይም ከቤት ሆኖ እንዲከታተል የጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አይቻልም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ይኸው የማይቻል የተባለ ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሁሉም ተማሪ ተቻለ።

በትምህርት ላይ የታየው ለውጥ

ትምህርት ወደ ኢንተርኔት በመዛወሩ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነበር። ተማሪው የክፍሉን ብርሃንና ድምፅ ራሱ መቆጣጠር ቻለ። ወደ ግቢ የሚደረገው ጉዞ፣ በአውቶቡስና በባቡር የሚያጋጥመው መጨናነቅ ቀረ። የተቀረጸ ትምህርት አቁሞ መመለስና ደግሞ መስማት ተቻለ። በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መናገር የማይደፍር ተማሪ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ጀመረ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሦስት ሰዓት ፈተና በ24 ሰዓት ውስጥ ተሠርቶ በሚመለስ ፈተና መተካቱም የሰዓት ጫናን ቀነሰ።

ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነበር። የመጀመሪያው የሥርዓት መፍረስ ነው። በክፍል የሚሰጥ ትምህርት ቀኑን ይከፋፍላል፤ ተማሪው መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ ከቤት እንደሚወጣ የሚወስንለት የትምህርት ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ሲቀር ቀኑ ቅርጽ አጣ። ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሥራን በማቀድ፣ በመጀመርና ከአንዱ ወደ ሌላው በመሸጋገር ረገድ ችግር ስለሚያጋጥማቸው ጥልቅ ዕውቀት ያለው ተማሪ እንኳ ሥራውን ሳይጀምር ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህንን እንደ ስንፍና የተመለከተ መምህርም ሆነ ወላጅ ጥቂት አልነበረም።

ሁለተኛው የመረጃ አለመጨበጥ ነው። የፈተና ቀን፣ የአመዘጋገብ ሥርዓት፣ የመንግሥት መመሪያ በየሳምንቱ ይለዋወጥ ነበር። አንድን ቃል እንደተጻፈ ለሚረዳ ተማሪ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በተቻለ መጠን»፣ «ወደፊት ይገለጻል» የሚሉ ሐረጎች የጭንቀት ምንጭ ናቸው።

ሦስተኛው በቪዲዮ የሚደረግ ስብሰባ የሚፈጥረው ድካም ነው። በርካታ ፊቶች በአንድ ጊዜ ይመለከታሉ፤ የራስ ፊት እንደ መስተዋት ከፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ድምፅ ይዘገያል፤ ማን ተራው እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት ይጠፋል። ካሜራ መክፈት ግዴታ በሆነበት ክፍል ራስን መሸፈን የሚጠይቀው ጥረት ከፊተኛው ይብስ ነበር። ካሜራ መዝጋት በተፈቀደበት ክፍል ግን ያው ተማሪ ትምህርቱን በሚገባ ሊከታተል ችሏል። አንድ ትንሽ ደንብ ይህን ያህል ልዩነት መፍጠሩ ልብ ሊባል ይገባል።

አራተኛው የቤት ሁኔታ ነው። ጸጥ ያለ የግል ክፍል ላለው ተማሪ ቤት መጠጊያ ሲሆን፣ ታናናሾች በሚጮኹበት፣ ቴሌቪዥን በማይዘጋበትና በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሰው በሚሠራበት ቤት ለሚኖረው ግን ከግቢው የከፋ ነበር።

ማኅበራዊ ኑሮ

ኦቲዝም ያለው ሰው ጓደኛ አይፈልግም የሚለው አመለካከት ስሕተት ነው። ብዙዎቹ ይፈልጋሉ፤ ችግሩ መንገዱ ነው። እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገለጹት፣ ኦቲዝም ባለውና በሌለው ሰው መካከል የሚፈጠረው አለመግባባት የአንደኛው ወገን ጉድለት ሳይሆን ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ አለመረዳዳታቸው ነው። ይህም «ድርብ የመረዳዳት ችግር» በመባል ይታወቃል።

በወረርሽኙ ወቅት ከማይፈለግ ወሬ፣ ከመተቃቀፍና ከድንገተኛ ግብዣ መገላገል ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል። ይሁን እንጂ ኦቲዝም ያላቸው ተማሪዎች ጓደኝነት ብዙውን ጊዜ የሚመሠረተው በጋራ ሥራ ላይ ነው፤ የቼዝ ቡድን፣ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ ሁልጊዜ ማክሰኞ የሚገናኝ የንባብ ማኅበር ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሥራው ሲቀር ጓደኝነቱም አብሮ ቀረ። ሌሎች ተማሪዎች ያለ ምክንያት ደውለው ሲጫወቱ፣ ምክንያት ሳይኖር መደወል የሚከብደው ተማሪ ግን ለወራት ከማንም ጋር ሳይነጋገር ቆየ። ከሱቅ ሻጭ፣ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር የሚደረገው አጭር ሰላምታ እንኳ ምን ያህል ይጠቅም እንደነበረ የታወቀው ከተቋረጠ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው ተማሪዎች ወደ ብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ማደሪያ ሲመለሱ በሽታው በፍጥነት ተዛመተ። በማንቸስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ 1700 የሚጠጉ ተማሪዎች ለ14 ቀናት ከማደሪያቸው እንዳይወጡ ታዘዋል። አዲስ ከተማ ገብቶ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ወጥ ቤት እየተጋራ፣ የለመደውን ምግብ ማግኘት ለማይችልና ለብቻው የሚራመድበት ቦታ ላጣ ኦቲዝም ያለው ተማሪ እንዲህ ያለው ትእዛዝ የሚያደርሰውን ጫና መገመት አያዳግትም።

የጤናው ገጽታ

ኦቲዝም ባላቸው አዋቂዎች ዘንድ ጭንቀትና ድባቴ ከሌላው ሕዝብ በበለጠ እንደሚታዩ ከወረርሽኙ በፊትም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በላንሴት ሳይካትሪ የታተመ ጥናት በእንግሊዝ አገር በአዋቂነት ዕድሜያቸው የአስፐርገር ሲንድሮም እንዳለባቸው ከታወቀ 374 ሰዎች መካከል 66 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ራስን የማጥፋት ሐሳብ አጋጥሟቸው እንደነበር፣ 35 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ዕቅድ እስከማውጣት ወይም እስከመሞከር መድረሳቸውን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ሊማሩ ከሚችሉት ወገን ናቸው። የሚገባ አነጋገር፣ ጥሩ ውጤትና ጸጥተኛ ጠባይ ከአደጋ አይከላከሉም።

ምርመራውን የሚያወሳስበው ሌላው ጉዳይ የራስን ስሜት ለይቶ የማወቅና በቃል የመግለጽ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀደሙ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ እንዳሳየው ይህ ችግር ከሌላው ሕዝብ 5 በመቶ ገደማ በሚሆነው ላይ ሲታይ፣ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግን ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ተማሪ «አዝኛለሁ» አይልም፤ ይልቁንም የሚተኛበት ሰዓት ይዛባል፣ የሚበላቸው ምግቦች ቁጥር ይቀንሳል፣ ገላውን መታጠብ ይተዋል፣ ይወደው የነበረውን ጉዳይ ይጥለዋል።

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና በ2020 በአብዛኛው ወደ ስልክ መዛወሩ ችግሩን አባብሶታል። ስልክ ማንሳት ለሚከብደው ሰው የሕክምና በር በስልክ ብቻ ሲከፈት በሩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። በጽሑፍ ቀጠሮ መያዝና በጽሑፍ መመካከር በተፈቀደበት ቦታ ግን ቀድሞ ሐኪም ቤት መሄድ ይፈሩ ለነበሩ ሰዎች በሩ ሰፍቶላቸዋል።

ሕግና መመሪያ ሲወጣ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች መዘንጋታቸውም ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ከቤት ወጥቶ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ከታዘዘ በኋላ፣ ኦቲዝምና ሌላ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ መውጣት እንደሚችሉ መንግሥት ያብራራው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2020 ነው። ከዚህም የከበደ ጉዳይ ነበር። የአገሪቱ የጤናና ክብካቤ ልቀት ተቋም በማርች 2020 ባወጣው የጽኑ ሕሙማን መመሪያ ሐኪሞች የሕሙማንን የአቅም መድከም በመለኪያ እንዲመዝኑ አዝዞ ነበር። መለኪያው በዕለታዊ ኑሮ የሰው ድጋፍ የሚያሻውን ሰው ሁሉ ደካማ አድርጎ ስለሚቆጥር ከባለጉዳዮች ተቃውሞ ተነሣ። ተቋሙም ማርች 25 ቀን መመሪያውን አሻሽሎ መለኪያው ኦቲዝም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ሌላ የረጅም ጊዜ የተረጋጋ አካል ጉዳት ባላቸው ሰዎች ላይ መዋል እንደሌለበት ገለጸ። ለአረጋውያን የተዘጋጀ መለኪያ ያለ ማስተዋል በሌላ ሰው ላይ ሲውል ፍርዱ የሕይወትና የሞት ሊሆን እንደሚችል ይህ ምሳሌ በቂ ማስረጃ ነው።

የመመለስ ፈተና

በእንግሊዝ አገር ለቀሩት ተማሪዎች ሁሉ የፊት ለፊት ትምህርት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከሜይ 17 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። መመለሱ ለብዙዎች የምሥራች ቢሆንም ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ ሥርዓት ለለመደ ተማሪ ሌላ ድንገተኛ ለውጥ ነበር። ከዚህም በላይ በብዙ ቦታ የተቀረጸ ትምህርት፣ በጽሑፍ የመጠየቅ ዕድልና ከቤት የመከታተል አማራጭ ከወረርሽኙ ጋር አብረው ተነሡ። ለሁሉም ሲያስፈልግ የተፈቀደ ነገር ለጥቂቶች ብቻ ሲያስፈልግ መከልከሉ ኦቲዝም ባላቸው ተማሪዎች ዘንድ ቅሬታ ፈጥሯል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የሚቻል መሆኑ በተግባር ታይቷል።

በኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም እንዲቋረጥ ተወስኗል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤተሰቦቻቸው ከተመለሱ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በየደረጃው ተጠርተዋል። ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት በማይደርስበት ገጠር ለሚኖር ተማሪ ትምህርት በኢንተርኔት መሰጠቱ ትርጉም አልነበረውም፤ ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ከጉዳቱ ጋር የሚመዘን ጥቅም እምብዛም አልተገኘም።

በአገሪቱ ለኦቲዝም የሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው በሕፃናት ላይ ያተኮረ ነው። በወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ፈር ቀዳጅ ሲሆን ያገለገለውም ሕፃናትንና ቤተሰቦቻቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ ኦቲዝም ሊኖረው ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ባለሙያ ግን ጥቂት ነው። ለዚህም ባህላዊ ምክንያት አለ። ታላቅን ዓይን ለዓይን አለማየት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው፤ ዝምተኛነት ይመሰገናል፤ ከመጽሐፉ የማይለይ ተማሪ ጎበዝ ይባላል። ስለሆነም በሌላ አገር ለምርመራ የሚያበቃ ምልክት በዚህ አገር ለምስጋና ሊያበቃ ይችላል። ይኸው ተማሪ ከትውልድ ቀዬው ርቆ፣ ብዙዎች በሚተኙበት ማደሪያ፣ ረጅም ሰልፍ ባለበት የምግብ አዳራሽ ሲገባ የሚደርስበትን የሚያውቅ የለም። ትምህርቱን አቋርጦ ሲመለስ «አልቻለም» ተብሎ ይታለፋል።

በሕግ ረገድ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች በከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ይደነግጋል።

ለጤና ባለሙያው የቀረቡ ሐሳቦች

በዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ የሚከተሉትን ቢያስተውል ብዙ መርዳት ይችላል።

1. ጥያቄን ተጨባጭ ማድረግ። «ደህና ነህ?» ለሚለው ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ የሰላምታ ሥርዓት እንጂ የጤና መረጃ አይደለም። በምትኩ «ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ሌሊት በደንብ ተኛህ? ትናንት ምን ምን በላህ? ከማን ጋር ተነጋገርህ? የምትወደውን ሥራ መጨረሻ የሠራኸው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

2. ራስን ስለማጥፋት በግልጽና በቀጥታ መጠየቅ። በዘወርዋራ የቀረበ ጥያቄ በቀጥታ ለሚረዳ ሰው አይገባውም። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ይታወቃል።

3. የተለወጠውን ነገር መመርመር። የማደሪያ ክፍል፣ የክፍል ጓደኛ፣ የምግብ ሰዓት ወይም የፈተና ቀን መለወጥ ለሌላው ቀላል ሆኖ ሳለ ለዚህ ተማሪ የሕመሙ መነሻ ሊሆን ይችላል።

4. የመታከሚያውን አካባቢ ማስተካከል። ሕዝብ በማይበዛበት ሰዓት መቅጠር፣ ጸጥ ባለ ቦታ ማስጠበቅ፣ ከመንካት በፊት ምን እንደሚደረግ መንገር፣ የተሰጠውን ምክር በጽሑፍ ማስያዝ ገንዘብ አይጠይቁም።

5. ለዩኒቨርሲቲው በተማሪው ፈቃድ መጻፍ። የሚጠየቀው ማመቻቸት ተለይቶ ሊገለጽ ይገባል፤ ለምሳሌ የታችኛው አልጋ፣ ከመብራት የራቀ ቦታ፣ የተለየ የፈተና ክፍል፣ በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያ።

6. በአንድ ጊዜ ምርመራ ኦቲዝምን አለመወሰን። የልጅነት ታሪክን ከቤተሰብ መጠየቅና የሥነ አእምሮ ባለሙያ ባለበት ቦታ መላክ ያስፈልጋል። ሆኖም የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ከላይ የተጠቀሰውን ድጋፍ ማዘግየት አያሻም።

ማጠቃለያ

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ማንም ሳያቅደው የዩኒቨርሲቲን ኑሮ ገለባብጦ አሳይቷል። ኦቲዝም ያላቸው ተማሪዎች ከሰሌዳውና ከድጋፉ ሲለዩ ተጎዱ፤ ከጫጫታውና ራስን ከመሸፈን ግዴታ ሲለዩ ቀለላቸው። እንግዲህ ሁለቱም መለወጥ የሚቻሉ የአካባቢ ሁኔታዎች መሆናቸው ተረጋግጧል። ለወደፊቱ ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኝ፣ በግጭት ወይም በሌላ ምክንያት ሲዘጋ፣ ማንንም ሳያስቸግር በጸጥታ ወደ ቤቱ የሄደውን ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ፈልጎ መጠየቅ የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው።